ጠመንጃው ላይ ያለው ማኅተም የማን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በአማራ ክልል ስለ ጦር መሣሪያ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ክርክር ግን ከሥሩ ሳይሆን ከቅርንጫፉ የሚጀምር ነው። አንዱ ወገን «ትጥቅ ይፈታ» ይላል። ሌላው ወገን «የአባቶቼን ጠመንጃ ማንም አይነካም» ይላል። ስንት ጠመንጃ አለ፣ በማን እጅ ነው፣ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም እየተባለ ይቆጠራል። ብረቱ ላይ የተመታውን ጽሑፍና ማኅተም ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ማኅተም ነው።

ጉዳዩን በደብረ ኤልያስ እንጀምረው። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ጉባዔዋ የታወቀች፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ሥፍራዎች አንዷ የሆነች የምሥራቅ ጎጃም አገር ናት። በዚያው ወረዳ በግንቦት 2015 ዓ.ም. በሥላሴ ገዳም ዙሪያ በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎችና በታጠቁ ሰዎች መካከል በተደረገው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ማኅተም ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን «ይህ መሣሪያ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤትም፣ በቀበሌም፣ በፍተሻ ኬላም የሚነሳ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የጎጃም ገበሬ ጠመንጃን በስሙ ያውቀዋል። ስሙም የትውልድ አገሩን ይዞ የመጣ ነው። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው። «ውጅግራ» ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» ከሚሉት የተገኘ ነው። «ምንሽር» የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። «ቤልጅግ» የቤልጅጎች ሥራ ነው። እነዚህ ስሞች የአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት የውጭ ግንኙነታችን ታሪክ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ስሙ የሚነግረን ማን እንደሠራው ብቻ ነው። ማን እንደገዛው፣ ማን እንደያዘው፣ ማን ለማን እንደሰጠው የሚነግረን ማኅተሙ ነው።

የማኅተም ዓይነቶች

በዚህ ረገድ ከጀርመን ጠመንጃዎች የበለጠ አስተማሪ የለም። የድሮ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድን የጀርመን ማውዘር በእጃቸው ሲያገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል አናት ላይና በጎኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች ነው። ምልክቶቹ በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው የሠሪው ምልክት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የፋብሪካው ስምና ከተማው በግልጽ ይጻፍ ነበር። ጀርመን ከቬርሳይ ውል ተደብቃ ዳግም መታጠቅ ስትጀምር ግን ስሙ ቀርቶ የምሥጢር ቁጥርና ፊደል መጣ። በኦበርንዶርፍ ከተማ የነበረው የማውዘር ፋብሪካ በመጀመሪያ «ኤስ 42»፣ ቀጥሎ «42»፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ደግሞ «ቢ ዋይ ኤፍ» የሚል መለያ ነበረው። ዓላማው ጠላት የትኛው ፋብሪካ ስንት እንደሚያመርት እንዳያውቅ ነበር።

ሁለተኛው የተቀባይ ምልክት ነው። ንስሩና ከሥሩ ያለው ቁጥር ብዙ ሰው የጀርመን ጦር የባለቤትነት ማኅተም ይመስለዋል። አይደለም። የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤቱ መርማሪ «አይቼዋለሁ፣ ደኅና ነው» ብሎ የመታው የጥራት ማረጋገጫ ነው።

ሦስተኛው ትክክለኛው የባለቤትነት ምልክት ነው። በካይዘሩ ዘመን በጠመንጃው ላይ ዘውድ፣ ከሥሩም የንጉሠ ነገሥቱ ስም መነሻ ፊደልና የዓመቱ ሁለት አኃዝ ይመታ ነበር። አራተኛው የክፍል ምልክት ሲሆን ሬጅመንቱን፣ ሻምበሉንና በሻምበሉ ውስጥ የመሣሪያውን ተራ ቁጥር ይናገራል። አምስተኛው ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚጨመረው ምልክት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኖርዌይ የማረከቻቸውን የጀርመን ጠመንጃዎች የራሷን ጦር ስም መታባቸው ተጠቅማባቸዋለች። እስራኤል ደግሞ የዳዊትን ኮከብ መታባቸው ነበር።

እዚህ ላይ ለሕግ ሰው የሚጠቅመው ልዩነት ግልጽ ነው። የሠሪ ምልክት ባለቤትነት አይደለም። የጥራት ምልክትም ባለቤትነት አይደለም። የባለቤትነት ምልክት እንኳን የሚናገረው በተመታበት ቀን የማን እንደነበረ ነው እንጂ ዛሬ የማን እንደሆነ አይደለም። ይህን ሳይለዩ «ማኅተም አለበት፣ ስለዚህ የመንግሥት ነው» ማለት የማስረጃ ሕግን ሀ ሁ አለማወቅ ነው።

«1920» የሚለው ቁጥር

በብዙ የአንደኛው ጦርነት ዘመን የጀርመን ጠመንጃዎች ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው የተሠራበት ዓመት ነው። ሁለተኛው «1920» ነው። ምን ማለት ነው?

ጀርመን በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላ ጦሯ ከ100 ሺህ ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ። አገሪቱ ግን ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች ይዘውት በመጡት መሣሪያ ተጥለቅልቃ ነበር። የቀኝም የግራም ታጣቂ ቡድን በየከተማው ይዋጋል። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1920 የሲቪሉን መሣሪያ የሚያስረክብ ሕግ አወጣ። ከዚያ ጎን ለጎን በሕጋዊ መንገድ በመንግሥት እጅ ያሉትን መሣሪያዎች «1920» የሚል ቁጥር መታባቸው። ማለትም የመንግሥት የሆነውና ያልሆነው በዓይን የሚለይ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የሌላውን ሰው መሣሪያ ልሰብስብ የሚል መንግሥት በቅድሚያ የራሱን ይለያል፣ ይመዘግባል፣ ምልክት ያደርጋል። እኛ አገርም ግዴታው አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል በመንግሥት እጅ ያሉ ቀላል መሣሪያዎች ምልክት እንዲደረግባቸውና መዝገብ እንዲያዝላቸው ያዛል።

ማኅተሙ የተፋቀ ስጦታ

የኢትዮጵያና የጀርመን ጠመንጃ ታሪክ አንድ አስገራሚ ምዕራፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1935 ክረምት የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ሲከማች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም መሣሪያ እንዳይሸጥልን ሲከለክሉ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዴቪድ ሆልን በምሥጢር ወደ በርሊን ላኩት። ዴቪድ ሆል ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካቀለጡት አውሮፓውያን አንዱ የሆነው የሞሪትዝ ሆል ልጅ ነው። ሂትለር በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተኳርፎ ስለነበር ጣሊያን በአፍሪካ ብትጠመድ አይጠላም። ስለዚህ 3 ሚሊዮን ማርክ ተፈቀደ። ከተላከው መሣሪያ መካከል 10 ሺህ ማውዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት ይጠቀሳሉ። ፀረ ታንክ መድፎችም ነበሩበት። ሙሶሊኒ እንዳያውቅ ሲባል የጀርመን ሠሪዎች ምልክት እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር።

ልብ በሉ። ምልክት የሌለው መሣሪያ ሁሉ ሌባ ያመጣው አይደለም። አንዳንዱ ምልክቱ የጠፋው በሁለት መንግሥታት ስምምነት ነው። በሌላ በኩል ከዚያ በፊት በግልጽ ተገዝተው የመጡት የቤልጅግና የጀርመን ማውዘሮች የንጉሠ ነገሥቱን የስም ምልክት ከነዘውዱ፣ ወይም መስቀል የያዘውን አንበሳ ይዘው እናገኛቸዋለን። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የመሣሪያ ውል ኢትዮጵያ መሣሪያ የምታስገባበትን መንገድ የወሰነ ነበርና የመንግሥት መሣሪያ መለየቱ ለአገሪቱ ክብርም ጭምር ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ጠመንጃዎች የት ገቡ? በማይጨው፣ በሽሬ፣ በተምቤን ተዋጉ። ጦሩ ሲበተን ወታደሩ መሣሪያውን ይዞ ወደየአገሩ ገባ። በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም አርበኞች አምስቱን ዓመት የተዋጉት በዚህና ከጠላት በማረኩት ነው። ከጣሊያን የተማረከው «ተርኒ» ወይም «ብሬሻ» የሚል የፋብሪካ ስም፣ ዘውድ፣ አንዳንዱም በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ የፋሺስት ዓመት አለበት። ኦስትሪያ በአንደኛው ጦርነት ተሸንፋ ለጣሊያን ያስረከበችው ማንሊከርም በቅኝ ግዛት ወታደሮች እጅ ወደ አገራችን ገብቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ከእንግሊዞች ጋር ሌላ ዓይነት መሣሪያ መጣ። የእንግሊዙ መንግሥት ንብረት ምልክት የቀስት ጫፍ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደብረ ኤልያስ አንድ ገበሬ አለ እንበል። አያቱ አርበኛ ነበሩ። በቤቱ የንጉሠ ነገሥቱ የስም ምልክት ያለበት ማውዘር አለ። ጎረቤቱ ደግሞ አባቱ ከጣሊያን የማረከውን ተርኒ ይዟል። ሁለቱም ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ፈታሽ መጣና የመጀመሪያውን «የመንግሥት ምልክት አለበት» ብሎ ወሰደው። ትክክል ነው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 አንድን ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ነገር በእጁ ያደረገ ሰው ለራሱ እንደያዘውና ባለቤት እንደሆነ ግምት ይወስድለታል። «የአንተ አይደለም» የሚል ወገን የማስረዳት ሸክም አለበት። ማኅተሙ ለዚህ ተከራካሪ አንድ ማስረጃ ሊሆነው ይችላል። ነገር ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። ምክንያቱም የኢትዮጵያ መንግሥታት ለአርበኛ፣ ለነጭ ለባሽ፣ ለባላገር መሣሪያ ሲሰጡ፣ ሲሸልሙና ሲያድሉ የኖሩ ናቸው። የሰጡትን ግን «ሰጥቻለሁ» የሚል ሁለተኛ ምልክት አልመቱበትም።

እንግሊዞች ይህን ችግር በአንዲት ትንሽ ዘዴ ፈትተውታል። የቀስቱ ጫፍ የመንግሥት ንብረት ምልክት ነው ብለናል። መሣሪያው ከመንግሥት እጅ በሕጋዊ መንገድ ሲወጣ ሌላ ቀስት ከመጀመሪያው ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ይመታበታል። ሁለት ቀስት ፊት ለፊት የገጠሙበት ጠመንጃ «መንግሥት ለቆኛል» ብሎ ይመሰክራል። በእኛ አገር አንበሳው ሲገባ ተመቷል እንጂ ሲወጣ የሚመታ ምልክት አልነበረም። የመንግሥት መዝገብ አያያዝ ጉድለት ሸክም በገበሬው ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ባለቤትነትና ፈቃድ ሁለት ነገሮች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፣ ይህም መንግሥት ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው። ገበሬው የጠመንጃው ባለቤት መሆኑ ታጥቆ ገበያ የመውጣት መብት አይሰጠውም። በተቃራኒውም ፈቃድ ማጣቱ የአያቱን ቅርስ ያለ ደረሰኝና ያለ ዝርዝር መዝገብ እንዲያጣ ምክንያት መሆን የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የንብረት መብትን ያከብራል፣ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ተቀብሎ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። በማይጨው ወይም በጎጃም የአርበኝነት ዘመን የተዋጋ፣ ማኅተሙ ያልተፋቀ ጠመንጃ ቅርስ ካልሆነ ምን ቅርስ ሊሆን ነው?

ጎጃም ምዝገባን ለምን ይፈራል?

«ታዲያ ያስመዝግቡ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን የጎጃምን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1952 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳደሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ሕዝቡን ካስመረሩባቸው ነገሮች አንዱ የመሣሪያ ምዝገባና ከዚያ ጋር የተያያዘው ክፍያ ነበር። ገበሬው ዛሬ የተመዘገበ ጠመንጃ ነገ ይወሰዳል ብሎ ሰጋ። በዚያ ላይ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 መጣ። የሚለካው መሬቱ ነበር፤ ገበሬው ግን የጠመንጃውንም የርስቱንም ነገር አንድ አድርጎ አየው። ሞጣና ብቸና ሸፈቱ፤ ዳሞትም ተነሳ። መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ደበደበ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ።

ይህ ታሪክ በየቤቱ ይነገራል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ባለሥልጣን «ቁጥሩን ልጻፍ» ሲል ገበሬው የሚሰማው «ልውሰድ» የሚለውን ነው። ከዚህም የተነሳ ቁጥሩንና ማኅተሙን በሞረድ ፍቆ ማጥፋት ብልህነት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ትልቅ ስህተት ነው። የተፋቀ ጠመንጃ ባለቤቱን የሚመሰክርለት የለውም። ከወንጀል ጋር ቢያያዝ ማንነቱን አስረድቶ ነፃ የሚያወጣው ነገር ያጣል፤ የታሪክ ዋጋውም እዚያው ያበቃል።

በባዕድ ገበያ

ሌላው የጉዳዩ ገጽታ ከውቅያኖስ ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ገደማ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ላይ በብዛት ታይተዋል። ካርካኖ፣ ቬተርሊ፣ ማውዘር፣ ሊ ኤንፊልድ፣ ሁሉም አሉ። ሻጮቹ «ከኢትዮጵያ የመጣ» የሚለውን ቃል አጉልተው ይጽፋሉ። አንበሳው ወይም የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት በግልጽ የሚታይበት ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል። የአሜሪካ ሕግ አስመጪው ስሙንና ከተማውን በመሣሪያው ላይ እንዲመታ ስለሚያስገድድ፣ ከሞዓ አንበሳው ጎን የአንድ የአሜሪካ ከተማ ስም ተጨምሮ ይታያል።

አሜሪካዊው ሰብሳቢ ማኅተሙን በማጉያ መነጽር እያየ፣ በየመጽሐፉ እያመሳከረ፣ ስለ አገራችን ታሪክ ያጠናል። እኛ ደግሞ ያንኑ ብረት እንደ ቁርጥራጭ አየነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንዲሉ፣ ባለቤቱ ራሱ የናቀውን ሌላው ቢገዛው ምን ይገርማል? መንግሥት ትርፍ መሣሪያ መሸጡ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሌሎች አገሮችም ያደርጉታል። ሕዝብ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ከመሸጡ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ባለሙያ አይቶታል ወይ? የትኛው ለሙዚየም ተለየ? ዝርዝሩስ የት አለ? የሚለውን ነው።

ምን ይደረግ?

«በዚህ የደም ዘመን ስለ ሙዚየም ታወራለህ? አሮጌ ጠመንጃም እኮ ሰው ይገድላል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይገድላል። እኔም ማንም እንዳሻው ይታጠቅ አላልኩም። ያልኩት ለሰላሙም ሆነ ለታሪኩ ማኅተሙን ማንበብ ይቀድማል ነው። ማንነቱ የታወቀ መሣሪያ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ይታወቃል፤ በግምት የተወሰደ መሣሪያ ግን ቂም ትቶ ይሄዳል።

ስለዚህ በቅድሚያ መንግሥት በእጁ ያለውን መሣሪያ ለይቶ ምልክት ያድርግበት። በመቀጠል ከግለሰብ የሚወሰድ ማንኛውም አሮጌ ጠመንጃ የሠሪው ስም፣ ዓመቱ፣ ቁጥሩ፣ በላዩ ያለው ማኅተም ሁሉ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ተመዝግቦ ለባለቤቱ ደረሰኝ ይሰጠው። ለዚህ ሊቅ አያስፈልግም፤ አንድ ጥሩ የሥዕል መመሪያ በየወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ በቂ ነው። ከዚያም ለአርበኛ ቤተሰቦች የማይተኩስ ተደርጎ በቅርስነት እንዲመዘገብና በቤታቸው እንዲቆይ የሚፈቅድ መንገድ ይበጅ። ብዙ አገሮች የሚያደርጉት ነው። በመጨረሻም መንግሥት የሰጠውን ወይም የለቀቀውን መሣሪያ እንደ እንግሊዞቹ ሁለተኛ ቀስት የሚመሰክር የመልቀቂያ ምልክትና መዝገብ ይኑር።

ለባለ ጠመንጃውም አንድ ምክር አለኝ። ሞረዱን አስቀምጥ። ማኅተሙን በዘይት ጨርቅ ጥረገው፣ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጠህ ከቤት ሰነዶችህ ጋር አኑረው፣ አያትህ ከየት እንዳመጣው የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን አስጽፍ። አንድ ቀን ዳኛ ፊት ብትቆም ከጥይቱ ይልቅ የሚጠቅምህ ይህ ወረቀት ነው።